አሻራና አደራ

ክርስቲያን ከዚህ ዓለም ሲያልፍ ምን ትቶ ይሄዳል? ዛሬ በየስብከቱም ሆነ በየሕይወት ታሪክ መጽሐፉ የሚሰጠው መልስ «አሻራውን ያኖራል» የሚል ሆኗል። ቃሉ ያሳስበኛል። አሻራ የአንድ ሰው ጣት ምልክት ነው፤ አይጋሩትም፣ አያስረክቡትም። የአብነት ትምህርት ቤቱ የኖረበት ቃል አደራ ነው። ሁለቱ ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት አንድ መጽሐፍ መግለጥ ይበቃል።

በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ ተብሎ ይታወቃል። አለቃ ግን ያረፉት በ1936 ዓ.ም. ነው፤ ታትሞ አላዩትም። የጀመሩትም እርሳቸው አይደሉም። ጀማሪው መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ጣሊያናዊው ምሁር ኢኛትሲዮ ጉይዲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ላሳተሙት የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ሮም ላይ እውቀታቸውን ያካፈሉ ሊቅ። ይህን የግእዝ መዝገበ ቃላት ግን ሳይጨርሱት አለፉ፤ አደራው ለኪዳነ ወልድ ደረሰ። ኪዳነ ወልድም ዕድሜያቸውን ሰጥተው አስፋፍተውት፣ በተራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ ብለው አለፉ። ለኅትመት ያበቁት ደስታ ናቸው። የደስታ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ የመምህራቸው መጽሐፍ ቀድሞ መታተሙን ልብ ይሏል።

ሀ ለ ሐ መ ለምዶ ያደገ አንባቢ በዚህ መጽሐፍ መጀመሪያ ይቸገራል። ፊደሉ የተደረደረው በአ በ ገ ደ ነው። «መጽሐፍ» የሚለውንም ቃል የሚፈልግ ከግሱ፣ ከ«ጸሐፈ» ሥር መውረድ አለበት። ደስታም በአማርኛው መዝገበ ቃላታቸው ያንኑ የአ በ ገ ደ ሥርዐት ጠብቀዋል። አደራ መቀበል ማለት ወረቀቱን ብቻ መረከብ እንዳልነበረ እዚህ ላይ ይታየኛል፤ መምህሩ የሚያስብበት መንገድ አብሮ ይተላለፋል።

ይህ ከእምነት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። እኔ ከእምነት ነጥዬ ላየው አልቻልኩም። ለእነዚህ ሰዎች ግእዝ የመጻሕፍት ደጅ ነበር፤ አንድን ግስ ማቅናት የቅዱሱን ቃል ንባብ ማቅናት ነው። ትንሣኤን የሚያምን ሰው ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ቢሞት ከሥራው አይቆረጥም፤ ያረፈውና ያለው በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸውና። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ጸሐፊው፣ አጻፊው፣ አንባቢውና ሰሚው ተያይዘው ምሕረት የሚለመንላቸው በዚሁ እምነት ነው። ስማቸው የሚጻፈው ጸሎት እንዲደርሳቸው ነው።

በዚህ ሰንሰለት ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የመምህርና የደቀ መዝሙር ስም ይወርዳል፣ ይዋረዳል፤ ያበላቸው ሰው ስም የለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ በሚያገኘው ቁራሽ ነው ቅኔውንም ዜማውንም የሚዘልቀው። ቁራሹን የሚሰጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ስለ ሊቃውንቱ የምንጽፍ ሰዎች ይህን እንደ ጉብዝና ወግ እናወራዋለን እንጂ የሴቶቹ ትሩፋት ብለን አንቆጥረውም። ያለ እነርሱ የትኛው መዝገበ ቃላት ይጻፍ ነበር?

አያቴ ፊደል አትለይም ነበር። ከሞሰቡ ለተማሪ የሚሆን ሳታስቀር ግን ገበታ አታነሣም። ከእነዚያ ልጆች የትኛው የት እንደደረሰ፣ ማንን እንዳስተማረ ሳታውቅ አለፈች። ጠዋት ጠዋት ከደጃፉ ቆሜ አያት ነበር። ተማሪው ቁራሹን አኩፋዳው ውስጥ ይከትና የክርስትና ስሟን ይጠይቃታል፤ ነግራው ወደ ጓዳ ትመለሳለች፤ እርሱም ስሟን እየደጋገመ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል።