ድንጋዩም ባለቤት አለው

በዚህ ዕትም ሂስ የምናቀርብበት መጽሐፍ ኢጣሊያዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለ ቤላ ሻንጉል የጻፈው ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጨው፣ ወርቅና ሕጋዊ ሥልጣን» ይሆናል። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ1981 በኔፕልስ ታተመ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚተርከው ከ1800 ገደማ እስከ 1898 ያለውን፣ ዛሬ አሶሳ የምትገኝበትን አገር ታሪክ ነው። የቆየ መጽሐፍ አሁን ለምን ተነሣ? የሚል ይኖራል። የትንሽ ከተማ ታሪክ እንዴት ይጠና? ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መከራከሪያ ስለ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ ምስጋናውን። በ1821 የግብጹ መሐመድ ዓሊ ጦር ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ሱዳንን ሲወር ፈረንሳዊው ካዮ አብሮ መጥቶ ያየውን ጻፈ። ሆላንዳዊው ስኹፈር በ1880ዎቹ መጀመሪያ አካባቢውን ዞረ። ትሪዩልዚ ግን የመንገደኛ ወረቀት ብቻ ይዞ አልተቀመጠም፤ ከሽማግሌ አፍ የሰማውንም እንደ ሰነድ ቆጥሮ መረመረ። ትልቁ ቁም ነገሩ ይኸ ነው።

ስሙን ብቻ እንኳ እንመልከት። «ቤኒ ሻንጉል» ሲባል ዐረብኛ የለመደ ጆሮ «የሻንጉል ልጆች» ብሎ ይሰማዋል። በበርታ ቋንቋ ግን በላ ማለት ድንጋይ ነው፤ ነገሩ ስለ ሻንጉል ድንጋይ ነው እንጂ ስለ ዘር አይደለም። አንድ ድምፅ ሲለወጥ ዐለቱ ነገድ ሆነ! ታዲያ ቋንቋውን ሳያውቁ የአገሩን ታሪክ እጽፋለሁ ማለት ምን ዋጋ አለው?

የምንጣላው ከንኡስ ርእሱ ጋር ነው። አገሩን «የማንም ያልሆነ መሬት» ይለዋል። እርግጥ ነው፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ ኃይሎች መካከል የተያዘ መሆኑን ለመግለጽ ነው፤ ባዶ መሬት ማለቱ እንዳልሆነ ገጾቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ቢሆንም ቅሉ ስም ይሰነብታል። «የማንም አይደለም» የሚለው ከሩቅ የሚያይ ዐይን ነው እንጂ፣ እዚያው ወርቅ የሚያጥበው ሰው እንዲህ አይልም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ እኛው ይመለሳል። ትረካው ራስ መኮንን አካባቢውን ባስገበሩበት ዘመን ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ማን ይጻፍ? በ1938 ያረፉት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ስማቸው አዲስ አበባ ላይ «ሸጎሌ» ሆኖ ቀርቷል፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሲጠራው ይውላል፣ የማን ስም እንደ ሆነ ግን ስንቱ ያውቃል? ባለቤታቸው ሲት አምናም በባሪያ ንግድ የታወቀች ነበረች። የሼሁን ቤት ቅርስ ነው ብለን ስናሞግስ የተሸጡትን ሰዎች ከዘለልን፣ ያቆየነው ታሪክ ሳይሆን ግድግዳ ነው።

በ1941 መጋቢት የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች አሶሳን ከኢጣሊያኖች እጅ አስለቀቁ። በኋላም ድርቅ ያፈናቀላቸው የወሎ ገበሬዎች በደርግ ዘመን እዚያው ሰፈሩ። ከወሎ የመጣው ሰው ትዝታም፣ መሬቱን ለሰፋሪ የለቀቀው በርታ ትዝታም የከተማዋ ታሪክ ናቸው። አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው ሂሱን ይጠራል።

ተማሪ ምን አቅም አለው? እንዳይባል፣ በ1973 ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ ስለ ሼህ ሆጀሌ የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀረበው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነው። ዛሬማ አሶሳ ራሷ ከ2011 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ አላት። እንግዲህ ለክረምት ወደዚያ የምንሄድ ሁሉ አንዳንድ አዛውንት እንጠይቅ፤ የተናገሩትን በቋንቋቸው እንቅዳ፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንዳለው እንጻፍበት። ቅጂውንም አዲስ አበባ ብቻ አናከማች፤ አንዱ እዚያው አሶሳ ይቅር። ባለቤቱ አንብቦ «ይኸ ስሕተት ነው» ሊለን የሚችለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።