ተንበርክኮ የቆመ አገልግሎት

እ.ኤ.አ. በ1937 ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከወላይታ ሲወጡ፣ በአካባቢው የነበሩት የተጠመቁ አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። በጀት የሚመድብላቸው አልነበረም፤ አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም። የቀረላቸው እግዚአብሔርን መለመን ብቻ ነበር፤ እሱንም በትጋት ያዙት።

ይህን ጸሎት የምወደው ከጉልበት ተነሥቶ ወደ ሥራ ስለሚሄድ ነው። ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ የአማኞቹ መሪዎች በጣሊያን ወራሪዎች ታስረው ተገረፉ። እስር ቤቱ ምግብ አያቀርብምና የቀሩት አማኞች ስንቅ ተሸክመው ይመላለሱ ጀመር፤ ያመጡትም ለማያምኑት እስረኞች ጭምር ይተርፍ ነበር። እዚያ ወህኒ ውስጥ የሰው እጅ እየቆረሰ ያጎረሰው ያ ምግብ ከብዙ ስብከት በላይ ተናግሯል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ አገልግሎት ስንጀምር መጀመሪያ የምናሰላው የአዳራሽ ኪራይና ድምፅ ማጉያ ነው፤ ጸሎት የስብሰባ መክፈቻና መዝጊያ ሆኖ ቀርቷል። ያሳዝነኛል። ያኔ የወላይታ አማኞች ድምፅ ማጉያም፣ የውጭ አገር አስተማሪም አልነበራቸውም። ሚስዮናውያኑ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚገመቱ አማኞች ጠበቋቸው፤ የሚመሯቸውም የራሳቸው ሽማግሌዎች ነበሩ።