የሞተ ሰው ወደ ሆስፒታል አይመለስም

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የወጣው «ፓራጎን» የተባለው የልብ ድካም ጥናት በ4,796 በሽተኞች ላይ ሳኩቢትሪል-ቫልሳርታንን ከቫልሳርታን ጋር አወዳድሯል። ተመራማሪዎቹ በሽተኛው መጀመሪያ ሆስፒታል የገባበትን ብቻ ሳይሆን፥ ተመልሶ የገባበትን ሁሉና በልብ በሽታ መሞቱን ጭምር ቈጥረዋል። ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባቸዋል፤ በ1,083 ሰዎች ላይ 1,903 አደጋዎች ስለ ደረሱ፥ የመጀመሪያውን ብቻ ቢይዙ ኖሮ 820ው ከሒሳብ በቀረ ነበር።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ቈጠራ አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። አራት ጊዜ ታክሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አራት ይባላል፤ በመጀመሪያው ወር የሞተ ግን አንድ ብቻ ይባላል። ሟቹ ዳግመኛ ሊታመም ስለማይችል፥ ሞት የበዛበት ወገን ጤና ያገኘ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሌላ በሽታ የሞተውም ጥናቱ ሲያልቅ በሕይወት ከነበረው ጋር «ክትትሉ ያበቃ» ተብሎ ይደባለቃል።

በፓራጎን በልብ በሽታ የሞቱት 204ና 212 ስለ ነበሩ ጉዳቱ ቀላል ነው። ይህንም ያወቅነው ደራሲዎቹ ሞቱን ለብቻው ስለ ጻፉልን ነው። ጎሽና ሊን በ2000 ያቀረቡት ዘዴ ሞትን ከክትትል መቋረጥ ይለያል። እንዲህ ተለይቶ ካልቀረበልን፥ ድምሩን ብቻ አይተን ለመድኀኒቱ ልንፈርድለት አይገባም።