የአሮጌ የስቱዲዮ ቴፕ መሣሪያዎች ሽያጭና የዋጋቸው ሚዛን

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው አንድ የንግድ ዐይነት ነው። ይኸውም ቀድሞ በሙዚቃ ስቱዲዮዎች ውስጥ ያገለገሉ፣ በማግኔት ክር የሚሠሩ ትልልቅ የድምፅ መቅረጫ መሣሪያዎች ዛሬ የሚሸጡበት ሁኔታ ነው። ጉዳዩ ለሩቅ ተመልካች የጥቂት ባለገንዘቦች ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን የሽያጭ ማስታወቂያዎቹን እያነጻጸርን ስናነብ ዕቃው የሚመዘንበት ሚዛን የተሳሳተ ሆኖ አገኘነው። የስሕተቱም ጉዳት ገዥውን ብቻ ሳይሆን በክር የተቀዳ ድምፅ በአደራ የያዘውን ሁሉ የሚነካ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ይገባል። በክር ላይ ድምፅ የሚቀዳው መሣሪያ ማግኔቶፎን በሚል ስም በ1935 በበርሊን የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ የታየ የጀርመኖች ሥራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃክ መሊን የተባለ አሜሪካዊ ከጀርመን ያገኛቸውን ሁለት መሣሪያዎች በ1946 በሳን ፍራንሲስኮ ለባለሙያዎች አሳየ። በ1948 አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የራሱን መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ቪሊ ስቱደር ኩባንያውን አቋቋመ። በመጀመሪያ አንድ መስመር ብቻ ይይዝ የነበረው ክር ቀስ በቀስ 4፣ 8፣ 16፣ በኋላም 24 መስመር ለየብቻ የሚቀዳበት ሆነ። የ24ቱ መስመር ክር ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን ኮምፒዩተር ቦታውን እየወሰደበት ስለ ሄደ ብዙ ስቱዲዮዎች መሣሪያቸውን አውጥተው ሸጡ።

የንግዱ ጠባይ በግልጽ የሚታይበት አንድ ምሳሌ በለንደን የሚገኘው የአቤይ ሮድ ስቱዲዮ ነው። ቢትልስ በ1967 ያወጡት «ሳርጀንት ፔፐር» የተባለው ሸክላ በዚያ ስቱዲዮ የተቀዳው ጄ 37 በሚባል ባለ 4 መስመር የስቱደር መሣሪያ ነው። በኦክቶበር 1980 ስቱዲዮው የቀድሞ ዕቃዎቹን ለሽያጭ አቀረበ። ለሻጩ ጊዜ ያለፈበት ንብረት የነበረው ለብዙዎቹ ገዥዎች ቅርስ ነበረ። ዛሬ የምናነባቸውም ማስታወቂያዎች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚናገረው መሣሪያው በማን ስቱዲዮ እንደ ቆመና የትኛው ዝነኛ ዘፋኝ እንደ ተቀዳበት ነው። ስለ መሣሪያው ጤንነት የሚነገረው በመጨረሻ፣ ያውም «መጨረሻ ጊዜ ሲነሣ ይሠራ ነበር» በሚል አንድ አጭር ቃል ነው።

እኛ ይህን አቀራረብ በሦስት ምክንያት እንነቅፈዋለን።

አንደኛ፣ የሸክላው ማማር ወደ መሣሪያው የሚተላለፍ አይደለም። የሳርጀንት ፔፐር ሠራተኞች 4 መስመር አልበቃቸው ሲል የሞላውን ክር አጠቃለው በሌላ መሣሪያ ላይ እየገለበጡ ባዶ መስመር ያበጁ ነበር። እንግዲህ የምናደንቀው ሰዎቹ የመሣሪያውን ጉድለት ያሸነፉበትን ብልኀት ነው። መሣሪያውን የሚገዛ ሰው ጉድለቱን ይገዛል፤ ብልኀቱ ግን አብሮት አይጫንም።

ሁለተኛ፣ «ሙቀት ያለው ድምፅ» የሚለው ውዳሴ እንደ ዕቃው አንድ ክፍል ሆኖ ይሸጣል። ክር ኀይለኛ ድምፅ ሲበዛበት ጫፉን ማለዘቡና የራሱን ጣዕም መጨመሩ እውነት ነው፤ አንክድም። ዳሩ ግን ይህ ጣዕም በክሩ ዐይነት፣ በፍጥነቱ፣ በድምፁ መጠንና መሣሪያው በተስተካከለበት ሁኔታ የሚወሰን ነው። ፍጥነቱን ብቻ እንይ። 762 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በሰከንድ 76 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ከ17 ደቂቃ በታች ያልቃል፤ በ38 ሴንቲ ሜትር ግን 33 ደቂቃ ያህል ይቆያል። በሁለቱ ፍጥነቶች የወፍራሙ ድምፅ ጠባይና የክሩ ሽውታ አንድ አይደሉም። ይህን ሳይናገር «ሙቀት» እያለ የሚያወድስ ሻጭ፣ ባለሙያው የሚሠራውን ሥራ ለብረቱ ሰጥቶ ያስከፍላል።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት መሣሪያ የሚያልቅ ነገር መሆኑ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የቴፕ ሄድ ግን አይውልም። ክሩ የብረት ዝገት የተቀባ ስለ ሆነ በሄዱ ላይ ባለፈ ቍጥር እንደ ረቂቅ ሞረድ ይበላዋል። ሄዱ በባለሙያ እንደገና ሊስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን ብረቱ ሲሳሳ ይህም የሚቻለው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ክሩን የሚጎትተው ጎማ ይደርቃል፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜ ይበላሻሉ፤ መለዋወጫውን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ሥራውን ትቷል። ስለዚህ አንድ ዝነኛ ሰው ብዙ ዓመት ሠራበት ማለት፣ በትክክል ሲታሰብ፣ ዕቃው ብዙ ተበልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ዋጋ መቀነሻ መሆን የሚገባው ነገር ዋጋ መጨመሪያ ሆኖ ቀረ።

ለሻጮቹና ለሰብሳቢዎቹም ሊባል የሚገባውን ሳንል ብናልፍ ሂሳችን ፍርደ ገምድል ይሆናል። ኮምፒዩተር ገበያውን በያዘ ጊዜ እነዚህ መሣሪያዎች ከባድ፣ ቦታ የሚይዙና ፈላጊ ያጡ ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ተፈታትተው ተጥለዋል። የተረፉትን ካተረፏቸው ነገሮች አንዱ ለስም የተሰጠው ፍቅር ነው። በ2005 በአሜሪካ በአላባማ የነበረው ኳንተጂ የተባለው የክር ፋብሪካ በሩን በዘጋ ጊዜም ስቱዲዮዎች የቀረውን ክር ተሻምተው ገዙት፤ ከዚያ በኋላ በአሜሪካና በፈረንሳይ አዲስ ክር የሚሠሩ ጥቂት ፋብሪካዎች ሊቆሙ የቻሉት ፈላጊ በመኖሩ ነው። እንግዲህ ፍቅሩን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ፍቅሩ ሚዛን ሆኖ መቀመጡን ነው።

ይህን ያህል የምንከራከረው ለምን እንደ ሆነ አንባቢ ሳይጠይቀን አይቀርም። መልሳችን ይህ ነው። በዓለም ቤተ መዛግብት ውስጥ ገና ያልተገለበጠ ብዙ ክር አለ፤ ክሩም ያለ መሣሪያ ዲዳ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት በ2015 ባወጣው ጽሑፍ 2025ን እንደ መጨረሻ ወሰን አድርጎ አስጠንቅቆ ነበር። ዩኔስኮና የድምፅ ቤተ መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ2019 ስለዚሁ አደጋ ጥናት ጀመሩ። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከተሠሩት አንዳንድ ክሮች ደግሞ ማጣበቂያቸው እርጥበት እየሳበ በሄዱ ላይ ይለጠፋል፤ እነዚህን በ50 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት አሙቆ በቶሎ መገልበጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው በትክክል የሚያሰማ መሣሪያ እንጂ የታወቀ መሣሪያ አይደለም።

ነገሩ ወደ እኛም አገር የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። በሬዲዮ ቤታችን የተቀዳው ንግግር፣ ትረካና ዘፈን፣ ተመራማሪዎች ከገጠር ሽማግሌዎች አፍ የቀዱት ታሪክ፣ በየሰው ቤት ሣጥን ውስጥ ያለው የሠርግና የለቅሶ ድምፅ፣ ከዚህ ሁሉ በክር ላይ ያለው ጥቂት አይደለም። የሚያሰማው መሣሪያ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ነው። የተረፈው በውጭ ገበያ በዝና ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ፣ ለሥራ የሚፈልገው ቤተ መዛግብት ለጌጥ ከሚፈልገው ሰብሳቢ ጋር ተወዳድሮ መግዛት አይችልም። እዚህም አሮጌውን ቴፕ ለደጃፍ ማስጌጫ የሚሸጥ ሰው ምናልባት የአንድ ሰፈር የመጨረሻ ጆሮ እየሸጠ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ሻጭ በማስታወቂያው ላይ ከስም አስቀድሞ አራት ነገር እንዲያስታውቅ እንጠይቃለን። የሄዱ መበላት ተለክቶ ምን ያህል እንደ ቀረ፤ በመለኪያ ክር ተፈትኖ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ እኩል ማሰማቱን፤ በአሜሪካኖቹ ወይም በአውሮፓውያኑ ደንብ መስተካከሉን፣ በአንዱ ደንብ የተቀዳ ክር በሌላው ሲሰማ ሚዛኑ ይዛባልና፤ እንዲሁም የጥገና መጽሐፉና መለዋወጫው አብሮ መሸጡን። ይህን አሟልቶ ከዚያ በኋላ «ቢትልስ ተቀድተውበታል» ቢል አንከለክለውም። ታሪክም ዋጋ አለው። ነገር ግን ለድምፅ የተሠራ ዕቃ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ዛሬ ያሰማል ወይ ተብሎ ነው። ይህን ጥያቄ የማይመልስ ማስታወቂያ የቱንም ያህል ታላቅ ስም ቢጠራ፣ እኛ በበኩላችን ዕቃውን ሳይሆን ወሬውን እንደሚሸጥ እንቈጥረዋለን።