መስገድና መስበክ፦ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች የመንግሥት ትምህርት ተቋማት ስለ ደዕዋ ወሰን የቀረበ ሒስ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ስለ ሃይማኖት የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «በግቢ ውስጥ ሃይማኖት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» በሚል አንድ ጥያቄ ይጠቃለላል። ጥያቄው ከአቀራረቡ የተዛባ ነው ብለን እናምናለን። በመኝታ ክፍሏ ጥግ ሰላቷን የምትሰግድ ተማሪ፣ በሻይ ሰዓት ከጓደኛው ጋር ስለ እምነት የሚወያይ ተማሪ፣ በማስተማሪያ ክፍለ ጊዜው የራሱን እምነት የሚሰብክ መምህር፣ ሦስቱም አንድ ሥራ እየሠሩ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ትሰግዳለች፣ ሁለተኛው ይነጋገራል፣ ሦስተኛው በተሰጠው ሥልጣን ላይ ተደግፎ ይሰብካል። የግቢ አስተዳዳሪዎችም ሆኑ አንዳንድ ዳዒዎች እነዚህን ሦስቱን በአንድ ስልቻ ይከቷቸዋል። በዚህም የሚጎዳው በመጀመሪያ ሰጋጁ ነው።

ጥያቄውን በመቱና በአካባቢዋ ከተሞች ላይ አስቀምጠን ለማየት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በኢሉ አባ ቦርና በቡኖ በደሌ ዞኖች የተከፈለው የቀድሞው ኢሉባቦር ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ተቀላቅለው የሚኖሩበት አገር ነው። በጎሬም ሆነ በመቱ፣ በያዮም ሆነ በበደሌ ገበያው አንድ ነው፤ የቡናው ለቀማም ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኛል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ ወደዚህ ከመጡት ሰፋሪዎች መካከል ብዙ ሙስሊሞች ስለነበሩ፣ ነባሩ የኦሮሞ ሙስሊም ማኅበረሰብ በቋንቋና በልማድ የተለየ ወንድም አግኝቷል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው መቱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የተመደቡ ወጣቶችን ሰብስቧል። የገበያ ጎረቤት ያልተመቸውን ንግግር ትቶ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። በመኝታ ክፍል አብሮ የተመደበ ተማሪ ግን የጎረቤቱን ሃይማኖት አልመረጠም፤ ማታም የሚያድረው እዚያው ነው። ስለ ስብከት ወሰን ስንነጋገር ይህ ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም።

ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ለማንኛውም ሰው እምነቱን በግልም ሆነ በጋራ የማምለክ፣ የመከተል፣ የመተግበርና የማስተማር መብት ይሰጣል፤ በንዑስ አንቀጽ 3 ማስገደድን ይከለክላል፤ በንዑስ አንቀጽ 4 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመያዝና የመግለጽ ነፃነትን ያውጃል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል።

አስተዳዳሪው ሲናገር አንቀጽ 11ንና 90ን ይጠቅሳል፤ ዳዒው ሲመልስ 27ንና 29ን ያነሣል። ሁለቱም ከሕጉ የሚስማማቸውን ክፍል ብቻ ያነባሉ። አስተዳዳሪው የሚዘለው የአንቀጽ 27ን ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ ሥነ ምግባርንና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ያውም በሕግ መሆኑን ይናገራልና። ዳዒው የሚዘለው ንዑስ አንቀጽ 3ንና 4ን ነው። አንቀጽ 90 የሚናገረው ስለሚሰጠው ትምህርት እንጂ ስለ ተማሪዋ ራስ መሸፈኛ አይደለም። አንቀጽ 27ም የመምህሩን ጠረጴዛ ሚንበር አያደርገውም።

ዳዒዎቻችን ይህን የመለያየት መርህ እንደ ባዕድ ነገር ሲያዩት፣ ታሪካችንን ልናስታውሳቸው ይገባል። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አገሩን ለቤተ ክርስቲያን የተጠበቀና ለሚሲዮን ክፍት የሆነ ብሎ ከፍሎት ነበር፤ የት እንደሚሰበክ የሚወስነው መንግሥት ነበር። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰለፉት ሙስሊሞች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት ነበር። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው እንቅስቃሴም መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ መግባቱን የተቃወመው አንቀጽ 11ን በእጁ ይዞ ነው። እንግዲህ መለያየት አባቶቻችን የጠየቁት፣ ልጆቻቸውም የተሟገቱለት ነገር ነው። መንግሥት መስጂዳችን ውስጥ ገብቶ አቂዳ እንዳያስተምረን ስንጠይቅ፣ የመንግሥት መምህር በመማሪያ ክፍል የራሱን አቂዳ እንዳይሰብክም አብረን መጠየቅ ይኖርብናል። መምህሩ ሙስሊም ሲሆን ዝም ብለን፣ ክርስቲያን ሲሆን ብቻ አቤት የምንል ከሆነ የያዝነው መርህ ሳይሆን ወገንተኝነት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለመምህራንና ለኢማሞች ሦስት መለኪያዎችን እናቀርባለን። አንደኛው «ተናጋሪው በሰሚው ላይ ሥልጣን አለውን?» የሚል ነው። ነጥብ የሚሰጥ፣ የሚያሳልፍና የሚጥል ሰው የሚናገረው ቃል እኩያ ለእኩያው ከሚናገረው ይለያል። ሁለተኛው «ሰሚው ተነሥቶ መሄድ ይችላልን?» የሚል ነው። በመስጂድ የተቀመጠ ሰው ወዶ መጥቷል፤ በክፍል ወንበር ወይም በመኝታ ክፍሉ አልጋ ላይ ያለ ግን መሄጃ የለውም። ሦስተኛው «ሰሚው ለአካለ መጠን ደርሷልን?» የሚለው ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአብዛኛው በወላጁ አደራ ሥር ነው፤ የኮሌጅ ተማሪ ግን የራሱን ሐሳብ መርምሮ የሚመርጥ ጎልማሳ ነው። ስለዚህ በመቱ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተፈቃቅደው ስለ እምነት ቢከራከሩ ነውር የለውም፤ በጎሬ ወይም በበደሌ የሰባተኛ ክፍል መምህር በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሌላውን እምነት ቢያጣጥል ግን በሦስቱም መለኪያዎች ይወድቃል።

እነዚህ መለኪያዎች በሌላውም ዓለም ተፈትነዋል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 የወሰነው የላሪሲስ ጉዳይ፣ የጴንጤቆስጤ እምነት ተከታዮች ስለነበሩ ሦስት የግሪክ አየር ኃይል መኮንኖች ነበር። ፍርድ ቤቱ በሥራቸው ላሉ ወታደሮች በመስበካቸው የተላለፈባቸውን ቅጣት ሲቀበል፣ ሥልጣን ለሌላቸው ሲቪሎች በመስበካቸው የተቀጡትን ግን የሃይማኖት ነፃነትን የጣሰ ነው ብሏል። ተናጋሪዎቹም ስብከቱም አንድ ሲሆኑ ፍርዱን የለየው የሥልጣን ግንኙነት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1981 በዊድማር ጉዳይ፣ አዳራሹን ለተማሪዎች ማኅበራት በጠቅላላው የከፈተ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ማኅበርን ብቻ ለይቶ መከልከል አይችልም ሲል ወስኗል። የእነዚህ አገሮች ሕግ እኛን አያስገድደንም። ሆኖም በማስገደድና በመናገር መካከል ያለው ድንበር ሊለይ እንደሚችል ያሳዩናል።

አሁን ወደ አስተዳዳሪዎች እንመለስ። ትምህርት ሚኒስቴር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ተቋማት የሚፈጸም አምልኮን የሚመለከት መመሪያ ሲያሠራ ቆይቷል። መመሪያ መኖሩን በመርህ ደረጃ አንቃወምም፤ ብዙ እምነት ባለበት ግቢ ሥርዓት ያስፈልጋል። የምንቃወመው ሥርዓት ለማስከበር የተጻፈው ነገር በበር ጠባቂና በመኝታ ቤት ኃላፊ እጅ ሲደርስ የሚይዘውን መልክ ነው። ማንንም ያልጠራ፣ ድምፁንም ያላሰማ ሰጋጅ «ሃይማኖት እያስፋፋ ነው» ሲባል፣ ስለ ስብከት የተነሣው ሥጋት በአምልኮ ላይ ወድቋል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተከልክለው ጉዳያቸው ፍርድ ቤት መድረሱ ይታወቃል። ሒጃብ ለባሿ ለማንም ስብከት አላቀረበችም፤ የፈጸመችው የራሷን ግዴታ ነው። ከሦስቱ መለኪያዎች በአንዱም አትያዝም። በኢሉባቦር ያሉ ርእሳነ መምህራን ይህን ልዩነት ቢይዙ ከብዙ ውዝግብ ይድናሉ።

የአስተዳዳሪው ጥፋት ግን የዳዒውን ጥፋት አይሸፍነውም። በወጣቶች መካከል የተስፋፋው የደዕዋ ዓይነት በእጅጉ «ንጽጽር» የሚባለው ነው፤ የሌላውን መጽሐፍ እየጠቀሱ የሌላውን እምነት መርታት። በደቡብ አፍሪካዊው አሕመድ ዲዳት ክርክሮች የታወቀው ይህ ስልት በካሴትና በቪሲዲ ገብቶ ዛሬ በስልክ ይዘዋወራል። ዲዳት ይከራከር የነበረው ግን ተጋጣሚው ተዘጋጅቶ በሚቀርብበት፣ ሕዝቡም ወዶ በሚሰበሰብበት አዳራሽ ነበር። ያንን ስልት መሄጃ በሌለው የመኝታ ክፍል ጓደኛ ላይ ማዋል ክርክር ሳይሆን ከበባ ነው። ከአድማጩም በላይ ተናጋሪውን ይጎዳዋል፤ የሌላውን መጽሐፍ ስሕተት በቃሉ የያዘ ወጣት የራሱን ሰላት ሸርጦች ሳያውቅ ይቀራልና።

ዲናችን ለዚህ መመሪያ አላጣም። የሱረቱል በቀራህ 256ኛ አንቀጽ በዲን ማስገደድን ያስቀረ ሲሆን፣ የሱረቱ ነሕል 125ኛ አንቀጽ ጥሪን በጥበብና በመልካም ተግሣጽ ላይ አቁሞታል። ዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ሰዎችን የሚመክሩት በየሐሙሱ ብቻ ነበር። በየቀኑ እንዲያደርጉት ሲጠየቁ፣ አድማጮቻቸው እንዳይሰለቹ መስጋታቸውንና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለምክር ጊዜ ይመርጡ እንደነበር በመግለጽ እምቢ ማለታቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ያውም አድማጮቻቸው ወደውና ናፍቀው የመጡ ነበሩ።

ለኢትዮጵያ ሙስሊም ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ግን የጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ነው። የቁረይሽ መልእክተኞች የፈለጉት ስደተኞቹ ሳይሰሙ እንዲመለሱላቸው ነበር፤ ነጃሺ ግን ቃላቸውን ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጠም። ጃዕፈርም የተናገሩት ሲጠየቁ ነው፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ሲጠየቁ እውነቱን አልሸሸጉም፣ የአስተናጋጃቸውንም እምነት አልሰደቡም። ከዚህ ታሪክ ለአስተዳዳሪም ለዳዒም ትምህርት አለው፤ ሥልጣን የያዘው ሳይሰማ አይፈርድም፣ የሚናገረውም እውነትን ከአደብ አይለይም።

ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ጨዋታ እንዳይመስል ያለፈውን እናስታውስ። በ1999 ዓ.ም. መግቢያ በኢሉባቦርና በጅማ ዞኖች የተነሣው የሃይማኖት ግጭት ሕይወት አጥፍቷል፤ ቤቶችንና አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሏል። በ2003 ዓ.ም. በጅማ ዞን በአሰንዳቦ ቁርኣን ተዋረደ በሚል ክስ የተነሣው ሁከትም እንዲሁ። ግጭቶቹ ከትምህርት ቤት ተነሡ አንልም። ነገር ግን ስድብን እንደ ደዕዋ፣ ዝምታን እንደ ሽንፈት የቆጠረ ወጣት ከግቢ ወጥቶ ወደ ከተማ ሲገባ፣ እንዲህ ያለውን እሳት የሚያጠፋ ሳይሆን የሚያራግብ ይሆናል ብለን እንሠጋለን።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። መምህር የሆነ ሙስሊም ስለ እስልምና በታሪክ ወይም በሥነ ዜጋ ትምህርት ሲጠየቅ እንደ ማንኛውም ዕውቀት ያስረዳ፤ ጥሪውን ግን ለመስጂድ ይተወው። የግቢ ጀመዓ መሪዎች መኝታ ክፍልን የክርክር መድረክ ከማድረግ ይቆጠቡ፤ የጋራ ፕሮግራማቸውንም ወዶ ለመጣ ሰው ያድርጉ። በግቢ አቅራቢያ ያሉ መሳጂድ ኢማሞች ለተማሪው በመጀመሪያ የራሱን ዲን፣ ቀጥሎም የጎረቤትን ሐቅ በኹጥባቸው ያስተምሩት። በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በየደረጃው ባሉት መዋቅሮች በኩል ለግቢ ዳዒዎች የአደብ ደንብ ያውጣ፤ ያንኑ ደንብ በእጁ ይዞ ከተቋማቱ አስተዳደር ጋር ስለ ሰላት ጊዜና ቦታ፣ ስለ ሒጃብም ይነጋገር። የራሱን ሰባኪ ወሰን በግልጽ ያስቀመጠ ወገን የሰጋጁን መብት ሲጠይቅ፣ «ነገ ደግሞ ስብከት ታመጣላችሁ» የሚለው የተለመደ መልስ ምክንያት ያጣል።