ቀለሙ አይመሰክርም

እ.ኤ.አ. በ2002 መገባደጃ፣ ማዕከላዊ ማዳጋስካር ውስጥ ሳካቫላና ከሚባል ፔግማታይት (ትልልቅ ክሪስታሎች ካሉት ዐለት) ደማቅ ሮዝ ክሪስታሎች ወጡ። ገበያው አልዘገየም፤ «ቀይ ቤሪል ነው» ተብሎ መሸጥ ጀመረ። በ2003 ግን ዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ራሱን የቻለ አዲስ ማዕድን መሆኑን አጸደቀ፤ በጣሊያናዊው ተመራማሪ በፌዴሪኮ ፔዞታ ስምም ፔዞታይት ተባለ። ነጋዴውን ያሳተው ዓይኑ ነው ባይ ነኝ። መስክ ላይ ሮዝ ድንጋይ የሚለይ ሰው ቀለምን ከሁሉ በኋላ የሚጠየቅ ምስክር ማድረግ አለበት።

ሮዙን የሚሰጠው ጥቂት ማንጋኒዝ ነው። ያው ማንጋኒዝ ሞርጋናይትን፣ ኩንዛይትንና ሮዝ ቱርማሊንንም ያቀላል፤ ሁሉም ደግሞ የፔግማታይት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ቀለሙ የሚነግረን ድንጋዩ ውስጥ ምን እንደገባ እንጂ ድንጋዩ ምን እንደሆነ አይደለም። «የለመደ ዓይን የፔዞታይትን ድምቀት አይስትም» የሚሉ አሉ። ፈዛዛ ፔዞታይትም ደማቅ ቱርማሊንም መኖሩን ምን ሊያደርጉት ነው? የማምሻ ፀሐይ ሲያርፍበትማ ተራው ኳርትዝም ያምራል።

ክብደት ይሻላል። ፔዞታይት ከአሥር በመቶ በላይ ሲዚየም ኦክሳይድ የተሸከመ ስለሆነ፣ ከእኩል መጠን ውሃ ጋር ሲነጻጸር 3.1 እጥፍ ያህል ይመዝናል። ኳርትዝ 2.65፣ ሞርጋናይት አብዛኛውን ጊዜ ከ2.7 እስከ 2.9 ነው። ይህን ለመለካት ትንሽ ሚዛን፣ ክርና አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። በደረቁ 31 ግራም የመዘነ ጠጠር በክር ታስሮ ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል 21 ከሆነ፣ የጎደለው 10 ነው፤ 31 ለ10 ሲካፈል 3.1 ይመጣል። ቱርማሊንም 3.06 ገደማ፣ ኩንዛይትም 3.18 ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሳ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ቅርጽ ይገባል። ቱርማሊን ዘለግ ያለ፣ ቁመቱን ተከትሎ የተሸነተረ ነው፤ ወርዱ ሲታይ ጎኖቹ ያበጡ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ፔዞታይት አጠር ጠፍጠፍ ያለ ባለ ስድስት ጎን ነው። ኩንዛይት ሲሰበር በሁለት አቅጣጫ ልሙጥ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ ስንጥቆች የሚገናኙትም ቀጥ ወዳለ ማዕዘን ተጠግተው ነው። ፔዞታይት እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ስንጥቅ የለውም።

ከዐለቱ ያልተላቀቀ ክሪስታል ግን አይመዘንም። ያኔ የሚጠየቀው ዙሪያው ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማምነው እሱን ነው። ሲዚየም ተራ ማዕድናት ውስጥ በቀላሉ አይገባም፤ የዐለቱ ቅልጥ በርዶ ሊያልቅ ሲል ከሊቲየም ጋር ተጠራቅሞ ይቀራል። ሐምራዊ ሚካው ሌፒዶላይት፣ በስስ ዝርግ የተደራረበው ነጭ አልባይት፣ ቱርማሊን በሌሉበት «ፔዞታይት አገኘሁ» ማለት ያስቸግራል። መኖራቸው ደግሞ በር ይከፍታል እንጂ አያረጋግጥም። እኛ ዘንድ በጉጂ፣ የቀንጢቻ ፔግማታይት የሊቲየም ማዕድናት የሆኑት ስፖዱሚንም ሌፒዶላይትም አሉት፤ ይህ ግን እዚያ የሚገኘውን ሮዝ ሁሉ ፔዞታይት አያደርገውም።

ክብደትም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል፤ ሲዚየም የበዛበት ሞርጋናይት ክብደቱ ወደ ፔዞታይት ይጠጋል፤ ውስጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ፔዞታይት ደግሞ ቀለል ብሎ ሊመዘን ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ላይ የምትለጥፉት ወረቀት የተገኘበትን ቦታ፣ አብረውት የነበሩትን ማዕድናትና የለካችሁትን ክብደት ይያዝ። ስሙን ጻፉ፣ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱን የሚሰርዘው የራማን ወይም የኤክስሬይ ምርመራ ነው።