የጋራ የፕሮግራም ሞጁሎች አሰያየም፦ የሦስት ሥርዓቶች ግምገማ

መግቢያ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ብሂል ስምና ተሰያሚ እንዲስማሙ ያለንን ምኞት ይገልጻል። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ግን ስም የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ለመጨረስ የቸኮለ ሰው ነው። ስሙ ለራሱ ብቻ የሚያገለግል ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነበር። ሥራው በጋራ ማኅደር ገብቶ ሌሎች ሲጠቀሙበት ግን በአንድ ሰው ችኮላ የወጣውን ስም የማያውቁት ብዙ ሰዎች ይሸከሙታል።

ሞጁል ማለት አንድን የተወሰነ ተግባር የሚፈጽም፣ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ በስሙ እየተጠራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል ነው። ኮዳቸው ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆኑ ሞጁሎች በጋራ ማኅደሮች ይከማቻሉ። በእነዚህ ማኅደሮች ስም ሦስት ተግባራት አሉት፤ የሞጁሉን ሥራ ይገልጻል፣ ሞጁሉን ከሌሎች ይለያል፣ ጥሪው ዛሬም ሆነ ነገ ወደ አንድ ነገር እንዲያደርስ ያደርጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሥራ ላይ ያሉ ሦስት የአሰያየም ሥርዓቶችን በእነዚህ መመዘኛዎች፣ ማለትም በገላጭነት፣ በልዩነትና በጽናት መገምገም፣ ከዚያም ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሆነውን ትምህርት ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በተግባር መሰየም

ላሪ ዎል በ1987 ላወጣው ፐርል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ ሞጁሎች የሚከማቹበት ሲፓን የተሰኘው ማኅደር በ1995 ተቋቋመ። በዚህ ማኅደር የተለመደው አሰያየም ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይወርዳል። የስሙ መጀመሪያ የሥራውን ዘርፍ ሲያመለክት፣ ቀጥሎ ያለው ልዩ ተግባሩን ይናገራል። የመረብ ግንኙነትን የሚመለከቱ «ኔት»፣ ጽሑፍን የሚመለከቱ «ቴክስት» በሚል ይጀምራሉ። በነጠላ ሰረዝ የተለያየ የውጤት ዝርዝር ያለው መምህር «ቴክስት» ከሚለው ሥር «ሲኤስቪ» የሚለውን ቢያገኝ፣ ሠሪውን ባያውቅም ሥራውን ይገምታል። ለቀልድ የተሠሩ ሞጁሎች እንኳ «አክሚ» የሚል የራሳቸው ዘርፍ ስላላቸው ከቁም ነገሩ ጋር አይደባለቁም።

እንግዲህ ሥርዓቱ በገላጭነት የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ድክመቶች ይታዩበታል። አንደኛ፣ በሁለት ዘርፎች መካከል የሚያርፍ ሞጁል የት እንደሚመደብ አከራካሪ ነው። ሁለተኛ፣ ልማዱ በምክር እንጂ በግዴታ ስላልቆመ ከእርሱ የወጡ ስሞች አሉ። «ሙስ» የተባለው ሞጁል ስሙን ያገኘው ከአንድ የዱር እንስሳ ነው፤ ተግባሩን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ከስሙ ምንም ሊረዳ አይችልም።

2. በባለቤት መሰየም

የጃቫ ቋንቋ ሥርዓት ከዚህ ይለያል። በልማዱ መሠረት ሠሪው ድርጅት የኢንተርኔት አድራሻውን ገልብጦ በስሙ መነሻ ያደርገዋል። አድራሻው የአንድ ድርጅት ብቻ ስለሆነ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ከማንም ጋር የማይጋጭ ስም ማውጣት ይቻላል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አበበ የሚባል ብዙ ነው፤ አበበ ከበደ ሲባል ግን ይለያል። ልዩነቱ እኛ ከልጁ ጀምረን ወደ አባቱ ስንሄድ፣ ጃቫ ከአባቱ ጀምሮ ወደ ልጁ መውረዱ ነው።

በልዩነት ረገድ ከዚህ የተሻለ አሠራር ማግኘት ያዳግታል። በጽናት ረገድ ግን ትችት አለብን፤ የሰው አባት አይለወጥም፣ የሞጁል ባለቤት ግን ይለወጣል። ጃቫን የፈጠረው ሰን የተባለው ኩባንያ በ2010 በኦራክል ሲጠቀለል፣ የቀድሞው ኩባንያ ስም በብዙ ሞጁሎች ላይ ቀርቷል። ከዚህ የከፋም ደርሷል። ኦራክል ለድርጅቶች ሥራ የተዘጋጀውን የጃቫ ክፍል ለኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ለማስረከብ በ2017 ቢወስንም፣ «ጃቫክስ» በሚለው መነሻ ሞጁሎቹን እያሻሻሉ ለመቀጠል የሚያስችል ስምምነት ሳይገኝ ቀረ። በመሆኑም በ2020 በወጣው ዕትም መነሻው «ጃካርታ» ወደሚል ተቀየረ። ወደ አዲሱ ዕትም ለመሸጋገር የፈለጉ ሰዎች፣ አንዳች ጉድለት የሌለበትን ፕሮግራማቸውን ለስም ለውጥ ሲሉ ብቻ ማረም ነበረባቸው። ስምን ከባለቤትነት ጋር ያሰረ ሥርዓት፣ ባለቤትነት በተናወጠ ጊዜ አብሮ ይናወጣል።

3. በቀዳሚነት መሰየም

በ2010 የተጀመረውና ለጃቫስክሪፕት ቋንቋ የሚያገለግለው ኤንፒኤም የተባለው ማኅደር ዘርፍም ሆነ የባለቤት ስም አልጠየቀም፤ ቀድሞ የመጣ ስሙን ይወስዳል። የቀዳሚነት ደንብ በሌሎቹ ማኅደሮችም አለ። ኤንፒኤምን ለትችት የሚያጋልጠው ግን በሚገባ የሚደግፍ ሌላ ልማድ ሳይኖረው መጀመሩ ነው። መልካም ስሞች በቶሎ አለቁ፤ በኋላ የመጡት ትርጉም የለሽ ወይም ከሌላው በአንዲት ጭረት ብቻ የሚለዩ ስሞችን ለመውሰድ ተገደዱ።

ውጤቱ በመጋቢት 2016 ታየ። «ኪክ» በሚለው ስም ላይ በአንድ ሠሪና በዚያው ስም በሚታወቅ ኩባንያ መካከል ክርክር ተነሣ፤ ማኅደሩም ለኩባንያው ፈረደ። ሠሪው ተቆጥቶ ከ250 በላይ የሆኑ ሞጁሎቹን አነሣ። ከእነዚህ አንዱ 11 መስመር ብቻ ያለው፣ አንድን ጽሑፍ በስተግራ እየሞላ ወደሚፈለገው ርዝመት የሚያደርስ «ሌፍት-ፓድ» የተባለ ሞጁል ነበር። በርሱ ላይ የተደገፉ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ተሰናክለው፣ ማኅደሩ ሞጁሉን በሰዓታት ውስጥ ለመመለስ ተገደደ። ከዚያ ወዲህ የወጣን ሞጁል እንዳሻው ማንሣት ተከልክሏል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ «ክሮስ-ኤንቭ» ከተባለው ታዋቂ ሞጁል ስም ላይ ጭረቷን ብቻ በማስቀረት የተሰየመ አታላይ ሞጁል፣ በስሕተት የጫኑትን ሰዎች ምስጢራዊ መረጃ ሲሰርቅ ተገኘ።

ማኅደሩ ከተጀመረ በኋላ ቆይቶ ከሞጁሉ ስም በፊት የባለቤቱን ስም ማስቀደም ፈቅዷል። ይህ በተዘዋዋሪ የሁለተኛውን ሥርዓት ብልጫ መቀበል ነው። ሆኖም አሠራሩ በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ቀድሞ ያለ አባት ስም የተመዘገቡት እንደዚያው ቀርተዋል። ሕግ ከክምችቱ በኋላ ሲመጣ የቀደመውን ስሕተት እምብዛም አያርምም።

4. ለመማሪያ ክፍል የሚኖረው ፋይዳ

ጀማሪ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ በሚማሩበት በፓይተን ቋንቋ፣ ሞጁሉ የሚጫንበት ስምና በፕሮግራም ውስጥ የሚጠራበት ስም ሊለያዩ ይችላሉ። ለሥዕል ሥራ የሚያገለግለው «ፒሎ» ተብሎ ይጫናል፤ «ፒአይኤል» ተብሎ ይጠራል። ተማሪው ይህን ሲያይ ስሕተቱ የራሱ ይመስለዋል። መምህሩ ምክንያቱን ቢያስረዳው ግን ትምህርት ይሆናል፤ ፒሎ ሥራው የተቋረጠውን ፒአይኤልን ተክቶ ሲወጣ፣ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ የመጠሪያውን ስም ጠብቆ አቆየ። ከሠሪው ምቾት ይልቅ የተጠቃሚው ደኅንነት መቅደሙ የሚያስመሰግን ነው።

በአማርኛ ለሚሰይሙ ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። ፓይተን በ2008 ከወጣው 3ኛ ዕትም ጀምሮ በፊደላችን የተጻፉ ስሞችን ይቀበላል። ነገር ግን «ሰላም» እና «ሠላም» ለእኛ በድምፅ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የቋንቋው የጋራ ማኅደር በበኩሉ የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ስለሚቀበል፣ የአማርኛ ስም በላቲን መጻፍ አለበት። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ሦስት ሰዎች በላቲን ቢጽፉት ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ማኅደሩ ጭረትን፣ ከሥር የሚሰመር ሰረዝንና ነጥብን እንደ አንድ በመቁጠር ለራሱ ችግር መፍትሔ አበጅቷል፤ የእኛን የሞክሼ ፊደላት ችግር ግን ከእኛ በቀር የሚፈታው የለም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የመጀመሪያው ሥርዓት በገላጭነት፣ ሁለተኛው በልዩነት ይበልጣሉ፤ ሦስተኛው ለጀማሪ በቀላልነቱ ቢመረጥም ዋጋውን ያስከፈለው በኋላ ነው። ጽናትን ግን ከሦስቱ አንዱም በአሰያየም ብቻ አላስገኘም። ጽናት የሚገኘው የወጣ ስም እንዳይነሣና ለሌላ እንዳይሰጥ ከሚከለክል ደንብ ነው።

ስለዚህ በትምህርት ቤቶች መካከል የሚለዋወጡ ፕሮግራሞችን ለማሰባሰብ የሚያቅዱ ሁሉ፣ ከማሰባሰቡ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢወስኑ ይበጃል፤ ስሙ የሠሪውን ተቋምና የሥራውን ዓይነት አጣምሮ እንዲይዝ፣ የአማርኛ ቃላት በላቲን የሚጻፉበት አንድ ሠንጠረዥ እንዲኖር፣ የወጣ ስም እንዳይሻር። መምህራንም ተማሪው የጻፈው ፕሮግራም መሥራቱን ብቻ ሳይሆን፣ ስሙን ያነበበ ጓደኛው ሥራውን ሊገምት መቻሉን ጭምር ቢያርሙ፣ ትምህርቱ ከክፍሉ ግድግዳ አልፎ ለጋራ ሥራ የሚያበቃ ይሆናል።